ከመርሳ ወልድያ፦ የሽቅቡ ጭስ

በሰሜን ወሎ ከመርሳ ወደ ወልድያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ጭነት የሞላ ተሳቢ በመካከላቸው ባለችው ሲሪንቃ አካባቢ ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ ያጓራል፣ ከማርሚታው የሚወጣውም ጭስ ይጠቁራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ይጠጣል፤ የጠጣውን ሁሉ ግን አያቃጥልም፣ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ሲሪንቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳሳው አየር ለአሮጌ ሞተር ተጨማሪ ፈተና ነው።

መስመሩ ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባን ከአስመራ ለማገናኘት የሠራው ነው። መርሳም ሲሪንቃም በዚሁ መንገድ ዳር አድገዋል። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረዋል፤ መኪና ካልቆመ ገበያ የለምና። ጭሱን የሚተነፍሰውና ከመንገዱ የሚበላው ሰው አንድ ነው። ቅሬታው ከቡና ወሬ አልፎ ቀበሌ የማይደርሰው በዚህ ይመስለኛል።

ጉዳቱ ግን ከመሳል ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተርን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ድርጅቱ ራሱ በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአየር ውስጥ ሊኖር ይገባል ያለውን የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ ልክ በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አደረገ። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ዘልቆ ደም ውስጥ ይገባል፤ ልብንም ይጎዳል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ደግሞ የመኪና ጭስ ክፉኛ የሚበዛው ከዋና መንገድ ከ300 እስከ 500 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። መንገዱን ተከትላ በተዘረጋች ከተማ ከዚህ ክልል ውጭ የሚኖረው ስንቱ ነው?

እናቶቻችን ቤት ውስጥ የሚተነፍሱት የማገዶ ጭስ ከዚህ ይብሳል የሚል አለ። ሊብስ ይችላል። ግን ያው ሳንባ ነው፤ እናት ከምድጃው ተነሥታ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ሁለተኛው ጭስ ይቀበላታል።

ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ክፉኛ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ። ይህ ለቦሌ ጥሩ ዜና ነው። ሲሪንቃን የሚያጨሰው ግን አይሱዙው፣ ሲኖ ትራኩና ቦቴው ነው፤ እነሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ከገቡ ብዙ ዓመት ይሠራሉ።

የጭነቱን ነገር ይቀይራል የተባለው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መስመር ነበር። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ፣ ጫፉም እዚሁ ወልድያ አጠገብ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ሥራው ተጓተተ፤ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲደርስም ጉዳት ደረሰበት። ባቡሩ ሊጭነው የታሰበው ሁሉ አሁንም በጎማ ያልፋል።

ሌላው የሚነሣው ሐሳብ ከከተማ ውጭ የሚዞር ማለፊያ መንገድ ነው። ሻይ ቤት ያላትን ሴት ብትጠይቋት መልሷን ታውቁታላችሁ። እኔ የማደላው ለርቀት ነው፤ መንገዱ ባይነሣ እንኳ አዲስ የሚሠራ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከአስፋልቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር መግባት ይችላል፣ መሬቱም አለ። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ለማግኘትም ሩቅ አይኬድም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለማሽላ ሲል ዝናብና ሙቀት ይመዘግባል። አንድ ርካሽ የብናኝ መለኪያ ከዝናብ መለኪያው አጠገብ፣ ሌላውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ዓመት ሙሉ ማወዳደር ይቻላል።