«ሪከቨር» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሪከቨር» የሚባል ግስ አለ። ጥንቱ የሮማይስጥ ሲሆን በቀድሞው ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ገባ፤ ፍቺውም የጠፋውን ወይም የተወሰደውን መልሶ ማግኘት ነው። ግዕዝ የተማረ ሰው ቃሉን ሲሰማ «ረከበ» ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ ነገር ግን ድምፃቸው ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

አማርኛ በዚህ ነገር ሁለት መንገድ ይሄዳል፤ ስለ ገንዘብ ሲሆን «አስመለሰ»፤ ስለ በሽተኛ ሲሆን ግን «ዳነ» ወይም «አገገመ» ይላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ግስ ስለሚጠቀልል፤ ተማሪው ከግሱ በኋላ የሚመጣውን ቃል መመልከት ይገባዋል። «ሂ ሪከቨርድ ዘ መኒ» ማለት ገንዘቡን አስመለሰ ነው። «ሂ ሪከቨርድ ፍሮም ዘ ፊቨር» ማለት ግን ከንዳዱ ዳነ ነው። «ፍሮም» የምትባለው ትንሽ ቃል ከዚህ ላይ ብትቀር፤ ሰውየው የለቀቀውን ንዳድ እንደ ገና ፈልጎ አገኘው እንደ ማለት ይሆናል። አባቱ መዳኑን ለሩቅ ዘመድ የሚጽፍ ልጅ እንዲህ ቢሳሳት፤ ዘመዱን በከንቱ ያስጨንቃል። ሆኖም ጤናን ያለ «ፍሮም» «ሪከቨር» ማድረግ ትክክል ነው፤ ጤና እንደ ጠፋ ገንዘብ ተቆጥሮ መልሶ ይገኛልና።

«ሪተርን» ከሚባለውም ጋራ መደባለቅ አይገባም። የአክሱም ሐውልት በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ2005 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ገብቷል። «ሪተርን» ያደረገች ኢጣልያ ናት፤ «ሪከቨር» ያደረገች ኢትዮጵያ ናት። የግሱን ባለቤት ያዛወረ ሰው የሐውልቱንም ባለቤት ያዛውራል።

በሕግ ጽሕፈት ቃሉ ከዚህ ይሰፋል። ዳኛ ለተበደለው ሰው ካሳ ቢፈርድለትና ቢቀበል፤ ያ ገንዘብ ቀድሞ በእጁ ኖሮ ባያውቅም «ሪከቨር» አደረገው ይባላል። «ሪጌን» የሚባለው ግስ ግን ቀድሞ ለነበረ ነገር ስለሚነገር ከዚህ ቦታ አይገባም።

አንዳንድ ተማሪ «ሪ» እንደ ገና፤ «ከቨር» ሸፈነ ነው ብሎ ቃሉን ከሁለት ከፍሎ ይፈታዋል። ይህ «ከቨር» ግን ሥሩ ሌላ ነው። ቆዳው ያረጀ መጽሐፍ በአዲስ ቆዳ ሲሸፈን የሚነገረው ቃል «ሪ» የሚለው በረጅሙ ይነበባል፤ በጽሕፈትም ከ«ከቨር» በአጭር ጭረት ይለያል። ጭረቱ የቀረ እንደ ሆነ አንባቢው መጽሐፉ ጠፍቶ ኖሮ ተገኘ ብሎ ይረዳል።