እድር ስለ ሰፈሩ መክሰስ ይችላል?

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ሰፈር ማፍረስ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ተነስተዋል፡፡ ነዋሪው ወሬውን ሲሰማ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ፊርማ ያሰባስባል፣ ከወረዳ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል፡፡ እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ማን ወከላችሁ?

ጥያቄው ሕጋዊ መልስ አለው፡፡ ለሰፈር የሚናገር አካል ከተፈለገ እድር አለ፡፡ መዝገብ፣ ዳኛና መተዳደሪያ ደንብ አለው፡፡ በመዝገቡ ላይ የግል ቤት ባለቤቱም፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩም፣ ደባሉም ጎን ለጎን ተጽፈዋል፡፡ የካሳ ሕጉ ግን እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ አያውቃቸውም፡፡ የሚያነጋግረው ባለይዞታን ነው፡፡ ቤቱ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ተከራዩ የቤት ካሳ አይጠይቅም፤ ምትክ የኪራይ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ይጠብቃል፡፡ በአንድ ግቢ የኖሩ ጎረቤታሞች በየፊናቸው ፋይል ይዘው ይሰለፋሉ ማለት ነው፡፡

የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺው የፈቀደው በካሳ መጠን ላይ መከራከርን ብቻ ነበር፡፡ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 (ኋላ ተሻሽሏል) ሁለት ነገር ጨመረ፡፡ የልቀቁ ትዕዛዙን ራሱን በ30 ቀን ውስጥ መቃወም ተፈቀደ፤ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎችም በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ አገኙ፡፡ "በጋራ" የምትለዋ ቃል ትልቅ ናት፡፡ ነገር ግን ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ፎቅ አያቆምም፤ ያለ ባንክ ብድር ቅድሚያው ወረቀት ላይ ይቀራል፡፡

ከአዋጆቹ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፡፡ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ እንዲመከርባቸው ሳይሆን እንዲመክሩበት መብት ይሰጣል፡፡ (የመነሻ ቀን የሚነገርበት ስብሰባ በእኔ እምነት ምክክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፡፡) አንቀጽ 37 ደግሞ ማኅበር ለአባላቱ፣ የቡድን አባልም ተመሳሳይ ጥቅም ላላቸው ሰዎች ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፡፡ በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38ም ጥቂቶች ለብዙዎች እንዲከሱ ይፈቅዳል፤ ሁሉም በውክልናው መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ግን ግድ ነው፡፡

ብዙ ኮሚቴዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፡፡ የፊርማ ወረቀት ስሞታ እንጂ ውክልና አይደለም፡፡ 30 ቀኑ መቁጠር ከጀመረ በኋላ አባላትን መሰብሰብም ከባድ ነው፤ አንዱ ካሳውን ተቀብሏል፣ ሌላው ዕጣ ደርሶት ከተማው ዳር ገብቷል፡፡ ስለዚህ ሰፈሩ በፕላን መታቀፉ እንደተሰማ እድሩ ጠቅላላ ጉባዔ ይጥራ፡፡ ስለ መኖሪያ ጉዳይ አባላቱን እንዲወክል ደንቡን ያሻሽል፣ ተወካዮቹን በቃለ ጉባዔ ይምረጥ፣ ተከራዩንና ደባሉን ጨምሮ የእያንዳንዱን አባል ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዝግብ፡፡ ይህ ሁሉ መጠናቀቅ ያለበት ትዕዛዙ በር ከማንኳኳቱ በፊት ነው፡፡