ያልተጠራው እንግዳ ማነው?

የጣና ዳር ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ሲታይ

በእንግሊዝ አገር፣ ኒውኪ በምትባለው የኮርንዎል ከተማ፣ የባሕር እንስሳትን ለሕዝብ የሚያሳይ አንድ ቤት አለ። በዚያ ቤት ካሉት የመስታወት ገንዳዎች በአንዱ፣ ኮራል የሚባሉት ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረታት ሌሊት ሌሊት እየተቆረጡ ያድሩ ጀመር። ጠባቂዎቹ ወጥመድ ቢያጠምዱ ምንም አልያዘላቸውም። በመጨረሻ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ. ም.፣ ገንዳውን ድንጋይ በድንጋይ አፈረሱት። ከሥሩም ርዝመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፣ መንጋጋው እንደ መቀስ የሚቆርጥ ትል ወጣ። ማንም ገዝቶ ያመጣው አልነበረም፤ ገና ትንሽ ሳለ በድንጋይ ስንጥቅ ተሸሽጎ ሳይገባ አልቀረም።

የጨው ውሃ ገንዳ የሚያቋቁሙ ሰዎች ይህን የመሰለውን ያልተጠራ እንግዳ በሚገባ ያውቁታል። ከባሕር በወጣው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ ከቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይመጣል። ሁሉም ግን ጠላት አይደለም። አንዳንዱ የተራረፈውን ምግብ እየለቀመ ገንዳውን ያጸዳል፤ አንዳንዱም ኮራሉን ይፈጃል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ «እንዴት እናጥፋው?» ከማለታቸው በፊት «ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ከተማችን ባሕር ዳር ተብላ ትጠራ እንጂ የጣና ውሃ ጨው የለውም። ቢሆንም አንድ ተማሪ ከሐይቁ ዳር በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ፣ ጥቂት የውሃ ሣርና አንዲት ድንጋይ ቢጨምርበት፣ በማግሥቱ እርሱም ያልጠራቸውን እንግዶች ያያል። የሚወራጭ፣ የሚሳብ፣ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ፍጥረት ይታየዋል። እነዚህን ለይቶ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ለመሆኑ ይህን በማድረግ ዝናን ያተረፈ አንድ አስተማሪ ነበረ። አብርሃም ትራምብሌይ የዠኔቭ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1740 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) በሆላንድ አገር የአንድ መስፍን ልጆች ያስተምር ነበር። ከቦይ ባስቀዳው ውሃ ውስጥ በቅጠል ላይ የተጣበቀ አረንጓዴ ነገር አየ። መልኩ ተክል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀስ እያለ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ትራምብሌይም ለሁለት ቆረጠው። ሁለቱም ቁራጮች አደጉ፤ ይህ የተክል ጠባይ ነው። ሆኖም በዚህ ብቻ አልፈረደም። ቁጭ ብሎ ሲመለከት፣ ፍጥረቱ በክንዶቹ ትንንሽ ነፍሳትን ይዞ ሲውጥ አገኘው። እንስሳ መሆኑን የተረዳው እንዲህ ነው። ዛሬ ሃይድራ እንለዋለን። አንድ ምልክት ብቻውን እንደማያስፈርድ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሳችን እንመለስ። በመጀመሪያ እግሮቹን እንቍጠር። እግሩ ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው። በሐይቁ ዳር ላይ ታች ሲሉ የምናያቸው፣ ጅራታቸው ቀጭን የሆነ ባለ አራት ክንፍ በራሪዎች፣ ልጅነታቸውን የሚያሳልፉት ከውሃ በታች ነው። የታችኛው መንጋጋቸው እንደ ክንድ ተወንጭፎ ምግባቸውን ይይዛል፤ ሰውን ግን አይጎዱም። እግር የሌለው፣ አካሉ ቀለበት በቀለበት የሆነና በሁለቱም ጫፎቹ እየተጣበቀ የሚራመደው አልቅት ነው። ከውሃው ገጽ ላይ የሚገኘው ቀጭን ትል መሳይ ደግሞ የትንኝ እጭ ሊሆን ይችላል። አተኛኘቱን እንመልከት። ከውሃው ገጽ ጋራ ጠፍጥፎ የተጋደመው የወባ ትንኝ ልጅ ነው፤ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ መሸፈን ይገባል።

ይበልጥ ልንጠነቀቅለት የሚገባን ግን ማንም የማይፈራው ቀንድ አውጣ ነው። ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኛ አድርገን በወረንጦ እንያዘው። አፉ በስተግራ ከሆነ፣ የሽንት ፊኛን የሚያውከውን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት በዚህ ወገን ይገኛሉ። ጫፍ የሌለው፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ወገን መጠርጠር ነው። ይህ በሽታ በጣና ዙሪያ ይገኛል። አፉ በስተቀኝ ከሆኑት መካከልም የከብትን ጉበት የሚበላውን ትል የሚያሳድግ አለ። ቅርፊቱ የሚነግረን ጥርጣሬን ብቻ ነው፤ ቀንድ አውጣው በእርግጥ ትሉን መያዙን የሚያረጋግጠው ማይክሮስኮፕ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ በባዶ እጅ ጠርሙሱ ውስጥ መግባት አይገባም። በሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ያደገና ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ሽንት ያየ ልጅ ካለ ወደ ሐኪም ይሂድ። መድኃኒቱ አለ።

ቀንድ አውጣን አተኩሮ መመልከት ምን ያህል እንደሚጠቅም የአገራችን ልጅ አሳይቶናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ. ኤ. አ. በ1964 ዓ. ም. በአድዋ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድን ስንት ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይቶ «ምን ገደላቸው?» ብሎ መጠየቅ ግን ትልቅ ምርምርን ከፈተ።

አሁን አንድ ጉዳይ ይቀረናል። ተመልክተን ስንጨርስ ጠርሙሱን የት እንድፋው? ውሃውን አፍልቶ፣ ከወንዝና ከሐይቅ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። ምክንያቱም የጣና ዓሦች ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ብቻቸውን የኖሩ ናቸው። 40 ሜትር ያህል የሚወርደው ውሃ ከታች ለሚመጣ ዓሣ ግንብ ሆኖበታል። ላቤዎባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ከ10 የሚበልጡት ወገኖች በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ፏፏቴው ዓሣን ይከለክላል፤ በሰው እጅ በጠርሙስ፣ በመረብ ወይም በጀልባ የሚመጣውን እንግዳ ግን አይከለክልም።

ከደቡብ አሜሪካ የፈለቀው እምቦጭ እ. ኤ. አ. በ2011 ዓ. ም. በጣና ላይ ታየ። አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው እንደዋለ የሐይቁ ዳር ሰው ያውቃል። ሲመጣ ጥቂት ነበር፤ ያን ጊዜ መንቀል ቀላል ነበር። በዓሣ ገንዳ ወይም በጠርሙስ ውስጥ የማናውቀውን ቅጠል ወይም ፍጥረት ያየን እንደ ሆነ፣ ማንነቱን ሳናውቅ ወደ ሌላ ውሃ አናሻግረው።