ከርክክብ በኋላ ያለው ሥራ

የቢዝነስ አናሊስቶች መመሪያ የሆነው ባቦክ ሦስተኛው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ለምስክር ወረቀት ፈተና ስናጠና ነው፤ ስድስት የዕውቀት ዘርፍ፣ 30 ተግባር፣ 50 ዘዴ እያልን ሸምድደነዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ከስድስቱ ዘርፎች በመጨረሻው፣ በመፍትሔ ግምገማ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሁለተኛ ዕትም ሥራ ላይ የዋለን ሲስተም መገምገም ከአንድ ምዕራፍ ስድስት ተግባራት የመጨረሻው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዕትም ምዕራፉ በሙሉ ለዚሁ ተሰጠ። አፈጻጸሙን መለካት፣ የተለካውን መተንተን፣ የሲስተሙን ውስንነት መለየት፣ የድርጅቱን የራሱን ውስንነት መለየት፣ በመጨረሻም ጥቅሙን የሚያሳድግ እርምጃ መጠቆም።

አራተኛው ብዙ ያነጋግራል። አንድ ባንክ የብድር ጥያቄን ከቅርንጫፍ እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር የሚያስተላልፍ ሲስተም አስገብቶ ነበር። ሪፖርቱ ሲታይ ደስ ይላል፤ ጥያቄው ከገባ በኋላ ማጽደቁ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ተበዳሪዎች ግን እንደ ድሮው ይመላለሳሉ። ቅርንጫፍ ወርጄ አንዲት አንጋፋ የብድር ባለሙያ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛቸው ላይ የወረቀት ፋይል ተደርድሯል። ፋይሉ በተላላኪ ዲስትሪክት ይሄዳል፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ ይመለሳል፤ ጥያቄው ሲስተም ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የተፈረመ ስለሆነ በየደረጃው ያለው ኃላፊ ወዲያው ያጸድቀዋል።

«ሲስተሙማ ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ፤ «ኦዲት ሲመጣ ግን የሚጠይቀኝ ፋይሉን ነው።»

እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ ፕሮግራመር የሚያስተካክለው ነገር የለም። መለወጥ ያለበት የኦዲት አሠራሩ ነው፤ ይህን አጥንቶ ለማኔጅመንቱ ማቅረብ ደግሞ የአናሊስቱ ሥራ ነው። ሦስተኛው ዕትም በግልጽ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ ሲስተሙ ደኅና ሆኖ ሳለ መሥሪያ ቤቱ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

እኛ ዘንድ ግን ከመመሪያው ይልቅ የሚገዛን የክፍያ ሰሌዳው ነው። ቢጋሩ የሚያበቃው በርክክብ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው የርክክብ ሰነዱ ሲፈረም ነው፤ አናሊስቱም በማግስቱ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ይመደባል። እኚያ ባለሙያ ጋ ሄዶ የሚቀመጥ አይኖርም። ይህ ያሳዝነኛል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የወጣበት ሥራ ጥቅም የሚታወቀው ሰው የዕለት ሥራውን በሲስተሙ መሥራት ሲጀምር ነውና።

ስለዚህ አዲስ ቢጋር ሲቀርብልኝ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከአናሊስቱ የሥራ ቀናት የተወሰኑት ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ እንዲውሉ፣ የክፍያው የተወሰነ ድርሻም ከዚያ ሪፖርት ጋር እንዲያያዝ። ግዥ ክፍሎች መጀመሪያ ላይ ይከራከራሉ፤ በጀት ዓመቱ ያልፋል ይላሉ፣ ይህም የእውነት ችግር ነው። የተስማሙት ዘንድ ሥራውን የምጀምረው ከቅርንጫፍ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተፈረመበትን ቀን ሲስተሙ ከመዘገበው ቀን ጎን አስቀምጬ አነጻጽራለሁ። ሁለቱ የሚለያዩ ከሆነ ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከአይቲ ክፍል በፊት ከኦዲት ክፍሉ ጋር ነው።