ኮንዶሚኒየም ቤት ማለት አይደለም

የካ አባዶ የሚኖር ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠየቅ «ኮንዶሚኒየም» ይላል። ቃሉ ግን በላቲኑ ቤትን ሳይሆን መብትን ነው የሚጠራው።

መነሻው «ዶሙስ» ነው፤ ቤት። ከዚያ «ዶሚኑስ» መጣ፤ የቤቱ ጌታ። ቀጥሎ «ዶሚኒዩም»፤ በሮማ ሕግ ሙሉ የባለቤትነት መብት። እኛም «ባለቤት»ን ከቤት አውጥተን ለማንኛውም ንብረት ጌታ አድርገነዋል (ለትዳር ጓደኛና ለዓረፍተ ነገርም ጭምር!)። ፊቱ ላይ «በጋራ» የምትለዋ «ኮን» ስትገባ የጋራ ባለቤትነት ሆነ። ቃሉን የገጠሙት ግን የጥንት ሮማውያን ሳይሆኑ ኋላ የመጡ የአውሮፓ ሕግ አዋቂዎች ናቸው። በፊት አገርም ይጠራበት ነበር፤ ሱዳን እንግሊዝና ግብፅ በጋራ የሚገዟት «ኮንዶሚኒየም» ሆና ከ1899 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ቆይታለች።

በኛ አገር ነገሩን በሕግ የደነገገው በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 ነው። ከበርህ ወዲህ ያለው የግልህ፤ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው የሁሉም። ምድር ላይ የሚኖር ጎረቤት «ለጣሪያ መዋጮ እኔን ምን አገባኝ» ሲል የሚዘነጋት ያቺኑ «ኮን» ነው።

ወደ ሰዋስው እንምጣ። ላቲን ወንዴ፣ ሴቴና ግዑዝ ጾታ አለው፤ በ«-ኡም» የሚያልቁት እንዲህ ያሉ ስሞች ግዑዝ ናቸው፣ ሲበዙም መጨረሻቸው «-አ» ይሆናል። ስለዚህ ብዙው «ኮንዶሚኒያ» ነው። አማርኛ ግን መጨረሻውን ከነግንዱ ውጦ «ኮንዶሚኒየሞች» አለ፤ እንደ ስታዲየሞች፣ እንደ ሙዚየሞች። በ«ሚዲያ» ደግሞ የባሰ አድርገናል፤ እሱ ራሱ የ«ሚዲየም» ብዙ ሆኖ ሳለ «ሚዲያዎች» እንላለን። የሚያሳፍር አይመስለኝም፤ ከግዕዙም «መላእክት»ን «መላእክቶች» ብለናል። የብሎክ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ኮንዶሚኒያችን» የሚል ቢመጣ እኔ አላጨበጭብለትም።

ግቢያችን ውስጥ ሌላም የላቲን ዘር አለ፤ «ኮሙናል»። «ኮን» እና «ሙኑስ»፣ ማለትም ግዴታን አብሮ መሸከም። አመጣጡ ቅጽል ነበር፤ «የጋራ» እንደማለት። አባዶ ሲደርስ ግን ስም ሆነ፤ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድንኳን የማይበቃው ድግስ የሚገባበት ቤት። «ኮሙናሉ ለቅዳሜ ተይዟል» ከተባለ፣ ወይ ሠርግ ወይ ተዝካር አለ።