ከመዝገብ ያመለጠ ቍጥር

ፒያሳ ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኳስ ወይም ስለ ቤት ኪራይ ሲከራከር መስማት የተለመደ ነው። እኛ ግን ባለፈው ቅዳሜ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብላ በምትገኝ ትንሽ ቡና ቤት የተከራከርነው ስለ ወሰን የለሽ ብዛት ነው። ተከራካሪዬ ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ፣ የጠፋ ፋይል በማግኘት የታወቁ ሰው ናቸው።

ነገሩን የጫርሁት እኔ ነኝ። «ከማያልቅም የሚበልጥ የማያልቅ አለ» ብላቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «አየህ ልጄ፣ እልቆ መሳፍርት የለውም ካልን በኋላ ማን ከማን ይበልጣል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ጋሊሌዮም በ1638 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) እዚሁ ላይ ቆሞ ነበር። 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያሉ የሚሄዱት ካሬዎች ከቍጥር ሁሉ ጥቂቶቹ ይመስላሉ፤ ነገር ግን 1ን ከ1፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ9 ጋር ብናጣምር ያለ ጓደኛ የሚቀር የለም። ጋሊሌዮ «ይበልጣል፣ ያንሳል» ማለት ለወሰን የለሽ ነገር አይሠራም ብሎ ተወው። ጀርመናዊው ካንቶር ግን ማጣመሩን ራሱን መለኪያ አደረገው። ሲኒው ሁሉ ማስቀመጫ፣ ማስቀመጫውም ሁሉ ሲኒ ካለው ሳንቈጥር እኩል ናቸው እንላለን።

እንግዲህ ከ0 እስከ 1 ያሉትን ዐሥርዮሽ ቍጥሮች ሁሉ በተራ መዝግቤአለሁ የሚል ባለመዝገብ ይምጣ። 1ኛው 0.513…፣ 2ኛው 0.238…፣ 3ኛው 0.744… ይሁን። ከ1ኛው 1ኛውን አኃዝ፣ ከ2ኛው 2ኛውን፣ ከ3ኛው 3ኛውን እያነሣሁ 1 እጨምርበታለሁ፤ 5፣ 3፣ 4 የነበረው 6፣ 4፣ 5 ይሆናል። 0.645… ከ1ኛው በ1ኛው አኃዝ፣ ከ2ኛው በ2ኛው እያለ ከሁሉም ይለያል፤ ስለዚህ በመዝገቡ የትም የለም። ካንቶር ይህን መንገድ ያወጣው በ1891 ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ከመዝገቡ ራስ ላይ ጨምረውና ጨርስ!» አሉ ጋሼ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መጨመርስ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለመዝገቡ «ሁሉን መዝግቤአለሁ» ብሎ ነበርና አንድ እንኳ ከጐደለ ቃሉ ፈረሰ። አዲስ መዝገብ ቢያመጣም ያው ይደርስበታል።

የተቃወመ ሁሉ ግን አልገባውም ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሳስተምር፣ 9 ሲያጋጥም 0 ጻፉ ብዬ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ 1ኛው 0.4999… ቢሆን፣ ከሌሎቹም የምናነሣው አኃዝ ሁሉ 9 ቢሆንስ?» አለች። አዲሱ ቍጥር 0.5000… ወጣ፤ ይህም 0.4999… ራሱ ነው፤ ከመዝገቡ አናት ላይ ተቀምጧል! ላብ አጠመቀኝ፤ ደወሉም አልደረሰልኝም። «ተሳስቻለሁ» ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁት። መፍትሔውን ያገኘነው አብረን ነው፤ አኃዙ 5 ከሆነ 4፣ ሌላ ከሆነ 5 መጻፍ። በ4ና በ5 ብቻ የተጻፈ ቍጥር ሌላ አጻጻፍ የለውም።

ከሊቃውንቱም ክሮኔከር በበርሊን ካንቶርን አጥብቆ ተቃውሟል፤ ኋላም ሆላንዳዊው ብራወር ያላለቀውን እንዳለቀ መቍጠርን ነቅፏል። እነዚህ የአኃዙ ሥራ ተሰውሯቸው አይደለም። ክርክራቸው ወሰን የለሽ ነገር እንደ ሙሉ ነገር ይቈጠራል ወይ የሚል ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከተመዘገበው የሚበልጥ፣ ካመለጠው ግን የሚያንስ፣ በሁለቱ መካከል የሚውል ብዛትስ አለ?» አሉኝ። ደነገጥሁ፤ የካንቶር የራሱ ጥያቄ ነው! ጎደል በ1940፣ ኮኸን በ1963 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ በተለመደው የሒሳብ ደንብ አለም የለምም ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም አልኋቸው።

«እንግዲያማ አዲስ ደንብ ማውጣት ነዋ!» አሉና ሒሳቡን ለመክፈል ኪሳቸውን ዳበሱ። የትኛው ደንብ ይውጣ በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።