የስኒው አፍ፦ አይቶ መሳልን ስለማስተማር

አይቶ መሳል ፊት ለፊት ያለን ነገር እንደሚታየው አድርጎ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። እርሳስ፣ ወረቀትና ላጲስ ይበቁታል። ብዙ ሰው ግን «እጄ አይታዘዝልኝም» እያለ ገና በልጅነቱ ይተወዋል።

እጅ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። ዴል ኮኸንና ሱዛን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል ያልተማሩ ሰዎች ፎቶግራፍን ከላዩ ላይ ተከትለው ሲገለብጡ ስህተታቸው ጥቂት ነበር። መስመር መከተል የቻለ እጅ ብዙ አይጎድለውም። ተመራማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት ያገኙት ነገሩን አሳስቶ በማየት ላይ ነው።

የቡና ስኒ ይህን በግልጽ ያሳያል። የስኒ አፍ ክብ ነው፤ ጀማሪውም ይህን ያውቃል። ከተቀመጠበት ሆኖ በ30 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ሲያየው ግን ለዓይኑ የሚደርሰው ሞላላ ነው፤ ቁመቱ የወርዱ ግማሽ ብቻ ይሆናል። ጀማሪው ግን ሞላላውን ወደሚያውቀው ክብ አስጠግቶ ይስለዋል። የስኒውን ሥር ደግሞ ጠረጴዛው ለጥ ያለ ስለሆነ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያደርገዋል። ሥሩ ከአፉ ይበልጥ ከዓይን ዝቅ ስለሚል፣ ጉብጠቱ እንዲያውም ከአፉ የባሰ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሮበርት ታውለስ እ.ኤ.አ. በ1931 ይህንኑ ወደ ክብ የማድላት ዝንባሌ በጥናት አሳይቷል፦ ሰዎች ጋደል ያለ ክብ ሲያዩ፣ ዓይናቸው ላይ ከሚያርፈው ቅርጽ ይበልጥ ወደ ክብ አስጠግተው ነው የሚገምቱት። ይህ የዓይን ድክመት አይደለም። ሳህን በዞሩበት ሁሉ ሌላ ነገር ቢመስል ኖሮ ገበታ ላይ እጅ መስደድ እንኳ ይቸግር ነበር። ለኑሮ የሚጠቅመው ይህ ችሎታ ለሠዓሊ ግን እንቅፋት ይሆንበታል።

መድኃኒቱ መለካት ነው። ክንድን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ የአፉን ቁመት በእርሳሱ ከወርዱ ጋር ማመዛዘን ይበቃል። ክርን ከታጠፈ ግን ልኩ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ብዙ ተማሪ ይህን ችላ ብሎ እርሳሱን ያማርራል። ከስኒው ይልቅ በሁለት ስኒዎች መሃል ያለውን ክፍተት መሳልም ይረዳል፤ ክፍተት ስም ስለሌለው አስቀድሞ የሚታወቅ ቅርጽ የለውም። ቤቲ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ሥዕልን ዘቅዝቆ እያዩ መሳልን ያስፋፋችው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ቀኝና ግራ አንጎል የሰጠችው ማብራሪያ ከማስረጃው በላይ ቢሄድም ልምምዱ ጠቃሚ ነው።

ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳየው፣ ዓይናቸውን ከነገሩ ወደ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ የሚያመላልሱ ሰዎች አሳሳላቸው ለእውነተኛው ይቀርባል። ስለ ትምህርት የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ልምምድ ተከፋፍሎ ሲሠራ የበለጠ እንደሚጸና ያስተምራሉ፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ስድስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ መሳል ይሻላል። እርማቱም ትኩስ መሆን አለበት፦ ተማሪው ስሎ እንደጨረሰ መልሶ ይለካ፣ ስህተቱን ራሱ ያግኝ። እርሳሱን ተቀብሎ የሚያስተካክል መምህር ይህን ዕድል ይነጥቀዋል።

የመጀመሪያው ስኒ፣ የቱንም ያህል ቢጣመም፣ አይቀደድ፤ ቀን ይጻፍበትና ከወር በኋላ ከሚሳለው ጋር ጎን ለጎን ይታይ።